ውሃ እየቆጠሩ መጓዝ

ናሮውቦት የሚባለው የእንግሊዝ ጀልባ ርዝመቱ እስከ 22 ሜትር ይደርሳል፤ ወርዱ ግን 2.08 ሜትር ብቻ ነው። የግድግዳው ውፍረት ሲቀነስ ውስጡ ከሁለት ሜትር በታች ይቀራል። በዚህች ጠባብ ስፍራ ወጥ ቤቱ፣ መኝታው፣ መጸዳጃው፣ እንጨትና ከሰል የሚነድበት ምድጃ ተራ በተራ ተደርድረዋል። አንዱ ሊያልፍ ሲል ሌላው ወይ መቀመጥ ወይ ወደ ጎን መዞር አለበት። መጀመሪያ የሚያየው ሰው የሚጠይቀው ጥያቄ ተገቢ ነው፦ ይህን ያህል የረዘመን ጀልባ ወርዱን ትንሽ ቢያሰፉት ምን ነበረበት?

መልሱ ያለው ጀልባው ዘንድ ሳይሆን በሚሄድበት ቦይ፣ በተለይም ቦዩን በሞላው ውሃ ዘንድ ነው። ስለ ናሮውቦት ጉዞ ሲወራ ጸጥታው፣ ዳክዬው፣ አዝጋሚነቱ ይነሳል። ሁሉም እውነት ነው። ነገር ግን ጉዞው ለምን እንዲህ እንደሆነ የሚገባን፣ ቦዩ ውስጥ ያለው ውሃ በብዙ ድካም የተሰበሰበና በየቀኑ የሚያልቅ ነገር መሆኑን ስንይዝ ነው። ዝናብ በማይለያት አገር ውሃ ይቆጠራል ቢባል ለኛ ለማመን ይከብዳል፤ ግን ይቆጠራል።

ታሪኩ የሚጀምረው ከድንጋይ ከሰል ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የብሪጅወተር መስፍን ከማንቸስተር ከተማ ወጣ ብላ በምትገኘው ወርስሊ የከሰል ማውጫ ነበረው። ከሰሉ ሞልቷል፤ ችግሩ ወደ ከተማ ማድረሱ ነበር። የዘመኑ መንገድ ጭቃና ጉድጓድ ነው፤ የጭነት ፈረስ በጀርባው ከ150 ኪሎ የሚበልጥ እምብዛም አይሸከምም። ያው ፈረስ ግን በቦይ ዳር እየሄደ ውሃ ላይ የተንሳፈፈ ጀልባ በገመድ ሲጎትት ከ25 እስከ 30 ቶን ያንቀሳቅሳል። መስፍኑ ወፍጮ በመሥራትና በመጠገን ሙያ ያደገውን ጄምስ ብሪንድሊን በመሐንዲስነት ቀጠረ። ቦዩ እ.ኤ.አ. በ1761 ሥራ ጀመረ (ከዚህ በኋላ ያሉትም ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። የከሰል ዋጋም በማንቸስተር በግማሽ ወረደ ይባላል።

ብሪንድሊ ኮረብታ ሲገጥመው ከመውጣት ይልቅ መዞር ይወድ ነበር። ቦዩን በአንድ ከፍታ እያስኬደ የመሬቱን እጥፋት ሁሉ ይከተላል። ዛሬ በኦክስፎርድ ቦይ ላይ የሚጓዝ ሰው ያንኑ እርሻ ከሦስት አቅጣጫ እያየ ግማሽ ቀን ቢያልፍበት ከዚህ የተነሳ ነው። ቆፍሮ ውሃ መልቀቅ ብቻውንም አይበቃም፤ አፈር ውሃ ይጠጣል። ስለዚህ የሸክላ አፈር ከውሃ ጋር ተቦክቶ፣ በሰው እግር አንዳንዴም በከብት እየተረገጠ የቦዩ ወለልና ጎን ይመረግ ነበር። አገር ቤት ግድግዳ ሲመረግ ያየ ሰው ሥራውን ያውቀዋል፤ ልዩነቱ ይሄኛው ጭድ የለውም፣ መድረቅም አይፈቀድለትም። እርጥብ እስከሆነ ድረስ ውሃ አያሳልፍም፤ ከደረቀ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ቦይን ለረጅም ጊዜ ባዶ አድርጎ መተው እርጅናውን ማፋጠን ነው።

የጀልባውን ወርድ የወሰነው ጉዳይ የመጣው ቀጥሎ ነው። የታወቀው የሳህንና የሸክላ ዕቃ አምራች ጆሳያ ዌጅውድ ዕቃው በፈረስ ጀርባ እየተጫነ በመንገድ ላይ ሲሰበር መሮት፣ ትሬንት የተባለውን ወንዝ ከመርሲ ጋር የሚያገናኝ ቦይ እንዲሠራ ከገፋፉት አንዱ ሆነ። ቁፋሮው በ1766 ተጀመረ፤ መሐንዲሱ አሁንም ብሪንድሊ ነው። በዚህ መስመር ላይ ግን ዞሮ ማምለጥ አልተቻለም። ቦዩ አቀበት መውጣት፣ ከዚያም ሃርካስል የተባለውን ኮረብታ 2.6 ኪሎ ሜትር በሚረዝም ዋሻ መሰንጠቅ ነበረበት። ዋሻው 11 ዓመት ፈጀ፤ ብሪንድሊ በ1772 ስለሞተ ፍጻሜውን አላየም። እንዲህ ያለ ዋሻ ሰፊ ይሁን ቢባል ወጪው የማይቻል ነበር። አቀበቱን ለማውጣት ለሚሠሩት ሎኮችም (ጀልባውን ከፍ ዝቅ ለሚያደርጉት የውሃ ጉድጓዶች፤ አሠራራቸውን ኋላ እናያለን) ሰፊ ማለት ብዙ ድንጋይ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ብዙ ውሃ ማለት ነው። ብሪንድሊ ሎኮቹን ወርዳቸው 2.1 ሜትር ገደማ፣ ርዝመታቸው 22 ሜትር ገደማ አድርጎ ሠራቸው። ከዚያ በኋላ በመካከለኛው እንግሊዝ ከዚህ ቦይ ጋር ለመገናኘት የፈለገ ሁሉ ልኩን ተከተለ፤ ጀልባውም በሎኩ ልክ ተሰፋ።

እንደኔ ውሳኔው ለጊዜው ብልህነት፣ ለልጅ ልጅ ግን ዕዳ ነበር። በሌላው የአገሪቱ ክፍል ሁለት እጥፍ የሚሰፉ ሎኮች ተሠሩ፤ ስለዚህ ሰፊ ጀልባ አገሩን አቋርጦ መሄድ ሳይችል ቀረ። ባቡር ሲመጣ ይህ ቁርጥራጭነት ቦዮቹን ክፉኛ ጎዳቸው። ዛሬም ቢሆን ወርድ ብቻ አይደለም የሚያስቸግረው፤ ሰሜን ያሉ የአንዳንድ ቦዮች ሎኮች አጠር ስለሚሉ፣ የትም መግባት የሚፈልግ ሰው ርዝመቱ 17 ሜትር አካባቢ የሆነ ጀልባ ይመርጣል።

አሁን ወደ ሎኩ እንግባ። ጉዞውን ለማያውቅ ሰው ሁሉም ነገር የሚፈታው እዚህ ነው።

ሎክ ማለት በሁለቱም ጫፍ የእንጨት ወይም የብረት በር ያለው፣ ከላይኛውና ከታችኛው የቦይ ክፍል መካከል የተሠራ የድንጋይ ጉድጓድ ነው። ከታች ወደ ላይ እየወጡ ነው እንበል። በመጀመሪያ ጉድጓዱ ውስጥ ያለው ውሃ እርስዎ ካሉበት ከታችኛው ውሃ ጋር እኩል መሆን አለበት። እኩል ከሆነ የታችኛውን በር ከፍተው ጀልባዎን ያስገባሉ፤ በሩን ይዘጋሉ። ቀጥሎ አብሮዎት ያለው ሰው መዘውሪያ ብረቱን ይዞ ወደ ላይኛው በር ይወጣል። ይህ መዘውሪያ ከእጅ የማይለይ የቦይ ተጓዥ መሣሪያ ነው፤ ውሃ ውስጥ መውደቅ ስለሚወድ ብልህ ሰው ትርፍ ይይዛል። መዘውሪያው ሲዞር ከውሃው በታች ያሉ ትናንሽ መዝጊያዎች ከፍ ይላሉ፤ የላይኛው ውሃ በእነሱ ቀዳዳ ወደ ጉድጓዱ ይንደረደራል፤ ጀልባውም ከውሃው ጋር ይነሳል። ጉድጓዱ ሞልቶ ከላይኛው ቦይ ጋር ሲስተካከል በሩን ከፍቶ መውጣት ነው። ምንም ሞተር የለም፤ 15 ቶን የሚመዝነውን ጀልባ ያነሳው ውሃው ራሱ ነው።

በሩ ራሱ ልብ ሊባል ይገባዋል። ብዙዎቹ በሮች ሁለት ክንፍ አላቸው፤ ክንፎቹ ሲዘጉ ቀጥ ብለው ሳይሆን ሾል ብለው ውሃው ወደሚመጣበት ወደ ላይኛው አቅጣጫ ይገጥማሉ። ውሃው በገፋቸው ቁጥር ይበልጥ ይጠብቃሉ። ይህ ብልሃት በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በሚላኖ ይሠራ ለነበረው ለሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ የሚሰጥ ነው፤ በበሮች የሚዘጋው ጉድጓድ ግን በቻይና ከእሱ 500 ዓመት ቀድሞ በ984 ተሠርቷል። ከዚህ የሚከተለው ትምህርት ለጀማሪ ወሳኝ ነው፦ የሁለቱ ወገን ውሃ እኩል ሳይሆን በሩን በጉልበት ለመክፈት መታገል ከንቱ ድካም ነው። ሲስተካከል ሕፃን ልጅም ቢሆን በሩ ላይ በተገጠመው ረጅም ግንድ ተደግፎ ወደ ኋላ ቢገፋ ቀስ እያለ ይከፈታል።

አደጋው ያለው መውረዱ ላይ ነው። በላይኛው በር ሥር ወደ ጉድጓዱ ውስጥ ገፋ ያለ የድንጋይ ደፍ አለ። ጉድጓዱ ሞልቶ ሳለ አይታይም። ውሃው ሲወርድ የጀልባው ኋላ በዚህ ደፍ ላይ ካረፈ፣ ፊቱ እየወረደ ኋላው ተሰቅሎ ይቀራል፤ በደቂቃዎች ውስጥ ጀልባው ሊሰምጥ ይችላል። የሰው ሕይወትም ያለፈበት አደጋ ነው። ስለዚህ በግድግዳው ላይ ነጭ መስመር ተቀብቷል፤ ጀልባው ከመስመሩ ወደ ፊት መቆም አለበት። ኋላው ሲንጠለጠል ከታየም የሚደረገው አንድ ነገር ነው፦ የታችኞቹን መዝጊያዎች ወዲያው መዝጋት፣ ከዚያ ከላይ ቀስ አድርጎ ውሃ መልሶ መሙላት። መዘውሪያ የያዘው ሰው ስልኩን ሳይሆን ጀልባውን እንዲያይ የሚነገረው ለዚህ ነው።

አሁን ሒሳቡ። አንድ ጠባብ ሎክ ሞልቶ በተከፈተ ቁጥር ከ100 ሺህ ሊትር በላይ ውሃ ወደ ታች ይሄዳል። ሰፊው ሎክ ከዚህ እጥፍ ያህል ይወስዳል። ቦዩ ኮረብታ የሚሻገር ከሆነ ከጫፉ ላይ ውሃው በሁለቱም ወገን ይወርዳል፤ የሚወጣ ጀልባም ሆነ የሚወርድ ጀልባ ከዚያው ከጫፉ ይቀንሳል። ስለዚህ መሐንዲሶቹ ከኮረብታው ጫፍ ከፍ ባለ ቦታ ግድቦች ሠርተው የክረምቱን ዝናብ ያጠራቅሙ ነበር፤ ዛሬ ሰዎች ዓሣ የሚያጠምዱባቸውና በእግር የሚንሸራሸሩባቸው ብዙ ሐይቅ መሰል ውሃዎች እነዚሁ ናቸው። ግድቦቹ ሲጎድሉ ቦዩ ይዘጋል። በ2025 በነሱ የበጋ ወራት፣ ማለትም በሰኔና በሐምሌ፣ ድርቅ ገብቶ በሰሜን ብዙ ኪሎ ሜትር ቦይ ለጉዞ ዝግ ሆኖ ነበር።

የጉዞው ሥነ ሥርዓትም ከዚሁ ይወለዳል። እርስዎ ወደ ሎኩ ሲደርሱ ጉድጓዱ ለእርስዎ ተስማሚ ካልሆነ፣ ነገር ግን ከወዲያ በኩል የሚመጣ ጀልባ ከታየ፣ መጠበቅ አለብዎት፤ ውሃውን ለራስ አስተካክሎ መግባት የእሱን ውሃ ማባከን ነው። በሰፊ ሎክ ሁለት ናሮውቦት ጎን ለጎን ይገባሉ፤ ብቻውን የሄደ ሰው ተከታይ መኖሩን ሳያይ በሩን ቢዘጋ ክፉ ስም ያተርፋል። አንድ ሰው መዝጊያ ሳይዘጋ ሄዶ በሌሊት አንድ የቦይ ክፍል ደርቆ ጀልባዎች ጭቃ ላይ ተቀምጠው የሚያድሩበትም ጊዜ አለ።

ቀስታውም ቢሆን የውሃ ጉዳይ ነው። የተፈቀደው ፍጥነት በሰዓት 6.4 ኪሎ ሜትር ነው፤ በተግባር ከ5 አይበልጥም። ቦዩ ጥልቀት ስለሌለው ሞተሩን ቢያስጮኹት ጀልባው አይፈጥንም፤ የኋላው ወደ ታች ይሰምጣል፣ ማዕበሉ ዳሩን ይቦረቡራል፣ የቆሙ ጀልባዎች ገመዳቸውን ይጎትታሉ፣ ወጥ እየሠራ ያለ ሰው ድስቱ ይደፋበታል። በቆመ ጀልባ አጠገብ ሲያልፉ ሞተሩን ዝቅ ማድረግ ግዴታ ነው። ጀልባው የሚነዳው ከኋላ ቆሞ ነው፤ የመሪውን ዘንግ ወደ ግራ ሲገፉት ጀልባው ወደ ቀኝ ይሄዳል፤ የሚዞረውም ከመሐሉ ስለሆነ ፊቱ ወደ ቀኝ ሲሄድ ኋላው ወደ ግራ ይወጣል። ሌላ ጀልባ ሲመጣ ቀኙን ይዞ መተላለፍ ነው። ወደ ኋላ ሲሄድ ግን መሪው አይታዘዝም ቢባል ይቀላል። ለመዝናኛ ለመንዳት መንጃ ፈቃድ አይጠየቅም፤ አከራዩ አንድ ሰዓት ያህል አስተምሮ ይለቅዎታል። ይህ ለእኔ እስካሁን የሚደንቀኝ እምነት ነው።

ባቡር ከ1830ዎቹ ጀምሮ ጭነቱን ሲሻማ የጀልባ ባለሙያዎች ገቢ ወረደ። የቤት ኪራይ መክፈል ያቃታቸው ሚስታቸውንና ልጆቻቸውን ጀልባው ላይ አወጡ። ጭነቱ ርዝመቱን ሁሉ ስለያዘ ቤተሰቡ የሚኖረው ከኋላ በኩል 3 በ2 ሜትር በምትሆን ክፍል ውስጥ ነበር። ሌሊት የሚዘረጋ አልጋ፣ ቀን የሚዘረጋ ጠረጴዛ፣ ምድጃ፣ ከዚያ አምስት ስድስት ነፍስ። ክፍሏ በጽጌረዳና በግንብ ሥዕል ታሸበርቅ ነበር፤ ዛሬ በየማስታወሻ መሸጫው የሚታየው ሥዕል ያኔ የድሆች ኩራት ነበር። ልጆቹ አንድ ቦታ ስለማይረጉ ትምህርት አያገኙም ነበር፤ በ1877 የወጣው የቦይ ጀልባዎች ሕግ ጀልባዎቹ እንዲመዘገቡና የነዋሪ ቁጥር እንዲወሰን አደረገ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወንዶቹ ሲጠሩ ወጣት ሴቶች ሠልጥነው ከለንደን ወደ በርሚንግሃም ብረትና ሌላ ጭነት አመላልሰዋል።

የመጨረሻው ምት የ1962 እና 63 ብርድ ነው። ቦዮቹ ለሳምንታት በበረዶ ተዘጉ፤ ጭነቱ ወደ መኪና ሄዶ አልተመለሰም። ነገሩን ያዳነው ግን ከዚያ ቀደም ብሎ ተጀምሮ ነበር። ቶም ሮልት የተባለ መሐንዲስ በጀልባው ላይ እየኖረ የጻፈው «ናሮው ቦት» መጽሐፍ በ1944 ታተመ፤ በ1946 ከሮበርት ኤይክማን ጋር ሆኖ ለቦዮች የሚሟገት ማኅበር አቋቋመ። ከዚያ በኋላ ዳገቱን የገፉት በቅዳሜና እሑድ አካፋ ይዘው የተሰለፉ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ዛሬ ካናል ኤንድ ሪቨር ትረስት የተባለው ከ2012 ጀምሮ የሚሠራ የበጎ አድራጎት ድርጅት በእንግሊዝና በዌልስ 3,200 ኪሎ ሜትር ያህል የውሃ መንገድ ያስተዳድራል፤ በላዩ ላይ ያሉት ከ30 ሺህ በላይ ጀልባዎች በኢንዱስትሪው ዘመን ከነበሩት ይበልጣሉ ይባላል።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ አንድ ቦታ ልጠቁም። ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከ1936 እስከ 1940 በስደት በኖሩባት በባዝ ከተማ ኬኔትና ኤቨን የተባለው ቦይ ያልፋል። የኖሩበትን ቤት ፌርፊልድ ሀውስን ለማየት የሚሄድ ሰው ከከተማዋ መሐል ወጣ ብሎ ሎኮቹን በእግሩ ማየት ይችላል። በጃንሆይ ዘመን ቦዩ እየተረሳ ነበር፤ ኋላም ተዘጋ፤ ሙሉው መስመር ዳግም የተከፈተው በ1990 በንግሥት ኤልሳቤጥ ነው። በዚሁ ቦይ ላይ ዲቫይዝስ ከተማ አጠገብ 29 ሎኮች ጀልባን 72 ሜትር ከፍ ያደርጋሉ፤ ከእነሱ 16ቱ በአንድ ቀጥ ያለ ቁልቁለት ተደርድረዋል። ከየሎኩ ጎን የሚታዩት ሰፋፊ ኩሬዎች ለጌጥ የተሠሩ አይደሉም፤ ሎኮቹ በጣም ስለተቀራረቡ በመካከላቸው ውሃ የሚጠራቀምበት ቦታ አልነበረም፣ ስለዚህ ወደ ጎን ተዘረጋ። ዌልስ ውስጥ ደግሞ ፖንትካሳልቲ የሚባለው በ1805 የተከፈተ የውሃ ድልድይ ጀልባን በብረት ገንዳ ውስጥ 38 ሜትር ከወንዙ በላይ ያሻግራል። በአንዱ በኩል የእግረኛ መንገድና አጥር አለ፤ በሌላው በኩል ግን የገንዳው ጠርዝ ብቻ ነው። ከፍታ የሚፈራ ሰው ከውስጥ ሆኖ ሻይ ቢያፈላ አይፈረድበትም።

በጀልባ መኖር ሌላ ጉዳይ ነው። የለንደን የቤት ኪራይ ያባረራቸው ብዙዎች ወደ ሬጀንትስና ወደ ሌሎቹ ቦዮች ገብተዋል። ቋሚ ማቆሚያ የሌለው ጀልባ በ1995ቱ ሕግ መሠረት በአንድ ቦታ ከ14 ቀን በላይ መቆየት አይችልም፤ ስለዚህ ሥራም፣ የልጅ ትምህርት ቤትም በዚያ ዙሪያ ይታሰባል። ውሃ ከቧንቧ መቅዳት፣ የመጸዳጃውን ማጠራቀሚያ ወስዶ መድፋት፣ ጋዝ መለወጥ፣ በክረምት ምድጃውን ሌሊቱን ሙሉ ማቆየት አለ። የምድጃ ጭስ በጠባብ ክፍል ይገድላል፤ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ መሣሪያ የሌለው ጀልባ ላይ ማደር የለብዎትም።

ለመሞከር ለሚያስብ ሰው የጊዜው ሒሳብ ቀላል ነው፦ ለ5 ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት፣ ለእያንዳንዱ ሎክ ሩብ ሰዓት ይያዝ። ከለንደን በርሚንግሃም በግራንድ ዩኒየን ቦይ 220 ኪሎ ሜትርና 166 ሎክ ነው፤ ይህ 85 ሰዓት ገደማ ይሆናል፤ በቀን ሰባት ሰዓት ቢነዱ 12 ቀን። ባቡሩ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጅበታል። ለአንድ ሳምንት የሚከራዩ ብርቱዎች ወደተነሱበት የሚመልስ ክብ መስመር ይይዛሉ፤ የአራቱ አውራጃዎች ቀለበት የሚባለው 177 ኪሎ ሜትርና 94 ሎክ ስለሆነ በየቀኑ ከስምንት ሰዓት በላይ ይጠይቃል። ልጆች ለያዘ ጀማሪ ሄዶ በዚያው መመለስ ይሻላል። ከመነሳትዎ በፊት ግን ጀልባ የሚዞርባቸውን ሰፋ ያሉ ቦታዎች ካርታው ላይ ምልክት ያድርጉ፤ 20 ሜትር ጀልባ በ10 ሜትር ቦይ ላይ አይዞርም፣ አንዱን ካለፉ ደግሞ ቀጣዩ የሁለት ሰዓት መንገድ ርቆ ሊሆን ይችላል።